ዱላ የማይነሳበት ውሎ፦ የሽምግልና ትዕይንት ግንባታ ማስታወሻ

መስከረም 18

የሚሠራው በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ የሚና ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ሰው ሚና ይይዛል፣ የቀሩትን ሰዎች ጨዋታ መሪው ይጫወታል። ለ4 ተጫዋቾችና ለ1 ጨዋታ መሪ የታሰበ ሲሆን ከ3 ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ውጊያ የለበትም። ይህ ማለት ግን ተጫዋቾቹ ዝም ብለው ያወራሉ ማለት አይደለም፤ ወሬው እንደ ውጊያው ሁሉ የሚያስጨንቅ፣ የሚያሸንፉበትና የሚሸነፉበት መሆን አለበት።

ታሪኩ የመስኖ ጠብ ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት መንደሮች ከወንዝ በተጠለፈ አንድ ቦይ መሬታቸውን ያጠጣሉ። ተራው በ8 ቀን ይዞራል፦ 5 ቀን ለላይ፣ 3 ቀን ለታች። በታች ቤት ተራ ሌሊት ላይ ጠለፋው (ውሃውን ከወንዙ ወደ ቦዩ የሚመልሰው የድንጋይ፣ የጭቃና የቅርንጫፍ ክትር) ፈርሶ ውሃው ወደ ወንዙ ተመለሰ። በጨለማ ሊያይ የወጣ የ12 ዓመት ልጅ ቦዩ ውስጥ ወድቆ እጁ ተሰበረ። ታች ቤቶች «ሆን ብለው አፈረሱብን» ይላሉ። ተጫዋቾቹ ሊያስታርቁ የተላኩ አራት ሰዎች ናቸው፦ አንድ አዛውንት፣ አንድ ደብተራ፣ አንዲት ባልቴትና አንድ ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር።

ሕጉ ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የሚና ጨዋታ 5ኛ እትም ነው። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል፣ የችሎታው ነጥብ ይደመራል፣ ድምሩ ከመድረሻ ቁጥሩ ካላነሰ ተሳካ። ብዙ ተጫዋች ስለሚያውቀው ሕግ በማስረዳት ጊዜ አይባክንም።

ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ የተወለደው ከጦር ሜዳ ጨዋታዎች ነው፤ ለውጊያ ያለው ሕግ የበዛውም ለዚህ ነው። ውጊያ ሲጀመር ሕጉ ራሱ ሦስት ነገር ይመልሳል፦ ተራው የማን ነው፣ ምን ያህል ቀረ፣ መቼ ያልቃል። ለንግግር ትዕይንት እነዚህን ሦስቱን የሚመልስ ነገር ካልተሠራ ጨዋታው ይንጠለጠላል። የዚህ ሥራ ሸክም ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

መስከረም 20

የመሪው ሰዎች ሦስት ናቸው። የላይ ቤቱ ባላምባራስ ደምሴ፣ የተጎዳው ልጅ እናት ወይዘሮ በላይነሽ፣ የውሃ አባቱ (ቦዩንና ጠለፋውን የሚጠብቀው) አያ ሞላ። ከሦስት በላይ ማድረግ ስህተት ነው፤ አንድ መሪ አራተኛ ድምፅ ሲጨምር ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መናገር ይጀምራል።

ለእያንዳንዳቸው መጀመሪያ አንድ ሙሉ ገጽ የሕይወት ታሪክ ተጻፈ። ተጥሏል። መሪው ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር ገጹን ሲያነብ ጠረጴዛው ይቀዘቅዛል። በምትኩ 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ካርድ፣ አምስት መስመር፣ በመስመር ቢበዛ 12 ቃል። የአያ ሞላ ካርድ ይህ ነው፦

ይፈልጋል፦ የውሃ አባትነቱ እንዳይነጠቅ።
ይፈራል፦ በሕዝብ ፊት «ሥራህን አልሠራህም» መባልን።
ያውቃል፦ ጠለፋውን ማንም አላፈረሰውም፤ ከክረምቱ ወዲህ ድንጋዩንና ጭቃውን አላደሰም።
ይዘጋዋል፦ ማል መባል።
ይታያል፦ ቡናውን ሳይጠጣ ስኒውን በጣቱ ያዞራል።

«ይዘጋዋል» የሚለው መስመር ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። መሪው «ይህ ንግግር ያስቆጣው ይሆን?» ብሎ እዚያው ከመፈልሰፍ ይድናል፤ ተጫዋቾቹም ሰውየው ሲዘጋ በዘፈቀደ ሳይሆን በምክንያት መሆኑ ይሰማቸዋል። ካርዱ ላይ የሌለ ነገር ሲጠየቅ መሪው «ይፈራል» ከሚለው ተነስቶ ይመልስ፤ ፍርሃት ከፍላጎት ይልቅ ቶሎ መልስ ይሰጣል።

መስከረም 24፣ ሙከራ 1

ከካርዶቹ በስተቀር ምንም ልዩ ሕግ አልነበረም። መድረሻ ቁጥሩ ለሁሉም ነገር 13። በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ዕርቁ ሳያልቅ ቆመ። የታዩት ጉድለቶች፦

ሀ) ዳይሱን ሁሉ የጣለው አንድ ተጫዋች ነው። በማሳመን ችሎታው 7 ነጥብ ስለሚደመርለት ሌሎቹ «አንተ ተናገር» እያሉ ወደኋላ አፈገፈጉ። ስንፍና አይደለም፣ ትክክለኛ ስሌት ነው። 1 ነጥብ ብቻ ያለው ሰው በ13 ላይ ከ20 ገጽ 9ኙን ብቻ ያገኛል፤ 7 ያለው 15ቱን። ሕጉ ዝም እንዲሉ ከሸለማቸው ዝም ይላሉ።

ለ) ዳይሱ ሲከሽፍ ባላምባራስ «አይሆንም» አሉ፣ ከዚያ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ሌላ ተጫዋች ያንኑ ጥያቄ ደገመ፣ ከዚያም ሦስተኛው።

ሐ) ማንም ምን ያህል እንደቀረ አያውቅም። መሪውም ጭምር።

መስከረም 26

ለ«ሐ» መፍትሔ ፍለጋ። የታወቀው መንገድ በ4ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የመጣው የችሎታ ፈተና ነው፦ ይህን ያህል ስኬት ከይህን ያህል ክሽፈት በፊት። መጀመሪያ ሲታተም ቀላሉ 4 ስኬት ከ2 ክሽፈት በፊት፣ ከባዱ 12 ከ6 በፊት ነበር። በዚያው ዓመት ታርሞ ለሁሉም 3 ክሽፈት ሆነ፣ መድረሻ ቁጥሮቹም ዝቅ ተደረጉ። ለምን እንደታረመ ስሌቱ ይናገራል። 5 ነጥብ ያለው ተጫዋች በ13 ላይ 65 በመቶ ዕድል አለው። በዚህ ዕድል፦

4 ከ2 በፊት፦ 43 በመቶ።
4 ከ3 በፊት፦ 65 በመቶ።
6 ከ3 በፊት፦ 43 በመቶ።
12 ከ3 በፊት፦ 8 በመቶ።

ዳይስ በጣለ ቁጥር የተሻለ ዕድል እያለው በጠቅላላው የሚሸነፍ ቡድን «ምን አጠፋን?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስም የለውም። ትዕይንት በረዘመ ቁጥር በ3 ክሽፈት መዝጋት ጨካኝ ነው።

የመረጥነው 6 ከ6 በፊት ነው። በዚያው 65 በመቶ ሲሰላ የመስማማት ዕድሉ 85 በመቶ ይሆናል። ይህ የላላ ይመስላል፤ ነገር ግን ክሽፈቶቹ እየተጠራቀሙ በየመንገዱ ዋጋ ስለሚያስከፍሉ ጥያቄው «ይታረቃሉ ወይ» ሳይሆን «በምን ዋጋ» ይሆናል።

መቁጠሪያው ቀላል ነው። ስኬት አንድ ፍሬ ሽምብራ፣ ክሽፈት አንድ ፍሬ ባቄላ፣ ሁሉም በሚያየው ሰሃን ላይ። ከስድስቱ ሽምብራ ቢያንስ አንድ አንዱ ከሦስቱም ሰዎች መምጣት አለበት፤ አለበለዚያ ተጫዋቾቹ በጣም የሚመቻቸውን አንድ ሰው ከብበው ይጨርሱታል። ሰሃኑን መደበቅ ተሞክሯል፤ ውጥረቱን ከመጨመር ይልቅ አጠፋው።

መስከረም 27

ቆጠራ ብቻውን ሌላ በሽታ ያመጣል። ምንም ተባለ ምን ዳይሱ ያው ከሆነ ተጫዋቹ «አሳምነዋለሁ፣ ጣልኩ» ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ከመጣል በፊት መሪው የሚያልፍበት ቅደም ተከተል ተጻፈ።

አንደኛ፣ ምን እንዲያደርግልህ ትፈልጋለህ? «እንዲስማማ» መልስ አይደለም፤ «ለወጌሻው እንዲከፍል» መልስ ነው። ሁለተኛ፣ በምን ትይዘዋለህ? በመሐላ፣ በዝምድና፣ በማስፈራት፣ በጥቅም። ሦስተኛ፣ ካርዱ ይታያል። የተባለው «ይፈልጋል» ወይም «ይፈራል» የሚለውን በቀጥታ ከነካ ዳይስ አይጣልም፣ ሽምብራ ይገባል። «ይዘጋዋል»ን ከነካ ዳይስ አይጣልም፣ ባቄላ ይገባል። ሁለቱንም ካልነካ ብቻ ይጣላል።

መድረሻ ቁጥሩ የሚወሰነው ልመናው ለሰውየው ምን ያህል እንደሚያስወጣው ነው። ይህን ነገር 5ኛው እትም በደንብ ይዞታል፦ ሰውየው ወዳጅ፣ ገለልተኛ ወይም ጠላት ይሆናል፤ ከዚያ የሚጠየቀው ነገር ጉዳት የለውም፣ ትንሽ አለው፣ ወይስ ብዙ? ለዚህ ጨዋታ ቁጥሮቹ ተለውጠው እንዲህ ሆኑ። ገለልተኛ ሰው ምንም የማያስወጣውን ያለ ዳይስ ያደርጋል፤ ጥቂት የሚያስወጣውን በ13፣ ክብሩን ወይም መሬቱን የሚነካውን በ18። ጠላት ከሆነ ሁሉም አንድ ደረጃ ይወጣል፣ በ18 የነበረውም ጨርሶ አይሞከርም። ወዳጅ ከሆነ ሁሉም አንድ ደረጃ ይወርዳል።

የመነሻ ስሜታቸውን ለመወሰን ደግሞ ከ1974ቱ እትም ጀምሮ ያለ አሮጌ ዘዴ አለ፤ ብዙ መሪዎች ረስተውታል። ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጣላሉ፦ ከ2 እስከ 5 መጥፎ፣ ከ6 እስከ 8 ያልለየለት፣ ከ9 እስከ 12 መልካም። ከ36 ዕድል 10፣ 16፣ 10 ነው። ለባላምባራስ ብቻ እንጠቀመዋለን። ወይዘሮ በላይነሽ ልጇ እያቃሰተ ገለልተኛ ልትሆን አትችልም፤ በጠላትነት ትጀምራለች።

ለተመሳሳይ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሁለት ጊዜ መጣል ተከልክሏል። አዲስ መረጃ፣ አዲስ ሰው ወይም አዲስ ስጦታ ከመጣ ይፈቀዳል።

ጥቅምት 1

የጊዜው መለኪያ ቡና ነው። ሦስት ስኒ ጠረጴዛው ላይ ይደረደራሉ፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስተኛው ሲያልቅ ሰው ይነሳል። ይህን ለአማርኛ ተጫዋች ማስረዳት አያስፈልግም፤ ገና አቦል ላይ ሆኖ ዋናውን ጉዳይ የሚያነሳ ሰው ችኩል መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

የመጀመሪያው አሠራር በሰዓት ነበር፣ ለአንድ ስኒ 35 ደቂቃ። አልሠራም። ተጫዋቾቹ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ፤ ንግግር ሲያምራቸው እንኳ ደቂቃው እንዳያልቅ አሳጠሩት። የንግግር ትዕይንት ላይ ሰዓት መጫን ጥሩ ንግግርን ይቀጣል።

አሁን ስኒው የሚለወጠው በባቄላ ነው፤ በየ2 ባቄላ አንድ ስኒ ያልቃል። ስኒ ሲያልቅ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ይሆናል፦

አቦል ሲያልቅ የላይ ቤት ጎረምሶች ዱላ ይዘው ደጅ ይቆማሉ። ቶና ሲያልቅ ወይዘሮ በላይነሽ ልጁን አስገብታ እጁን ገልጣ ታሳያለች፤ የምትጠይቀው ካሳ ከአንድ ጊደር ወደ ሁለት ያድጋል። በረካ ሲያልቅ ባላምባራስ ነጠላቸውን አጣፍተው ይነሳሉ፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ይገባል። በአቦልና በቶና የሚሆኑት ነገሮች በሩን አይዘጉም፣ የሚቀጥለውን ንግግር ይለውጣሉ እንጂ። ጎረምሶቹ ደጅ ከቆሙ በኋላ ወታደሩ ያለ ማንም ግፊት ተነስቶ ወጣ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ የነበረ ተጫዋች ነው።

ከእውነተኛው ሽምግልና ሁለት ነገር ገባ። ዋስ፦ ነገሩ ከመሰማቱ በፊት ሁለቱም ወገን ዋስ እንዲጠሩ ከተጠየቀ የመጀመሪያው ባቄላ አይቆጠርም። ቀጠሮ፦ ተጫዋቾቹ ነገሩን ለነገ ማሳደር ይችላሉ፤ አንድ ባቄላ ከሰሃኑ ይነሳል፣ ነገር ግን ከታች ቤት የ3 ቀን ተራ አንዱ ያልፋል። ቀጠሮ ዋጋ ባይኖረው ኖሮ በየ20 ደቂቃው ይጠየቅ ነበር።

መሣሪያና ዱላ ደጅ ይቀመጣል፤ ይህ በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ውስጥ ይነገር። ካልተነገረ አንድ ተጫዋች ጎራዴ እንደታጠቀ ይገባና ነገሩ ሲከብደው ይመዛል፤ እሱ አያጠፋም፣ ሌላ መንገድ አላሳየነውም።

ጥቅምት 5፣ ሙከራ 2

1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፤ 6 ሽምብራ፣ 4 ባቄላ። ታረቁ፣ ሁለት ጊደር ተከፈለ። ቆጠራው ይሠራል። ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ወጣ።

ጠለፋውን ማንም እንዳላፈረሰው ሳያውቁ ታረቁ። ይህ የታሪኩ ልብ ነው፤ የተደበቀውም ከአንድ ዳይስ ጀርባ ነበር። ሁሉም ተጫዋች «ጠለፋውን አያለሁ» ብሎ ጣለ፣ አራቱም ከሸፉ። አራት ሰው በ45 በመቶ ሲጥል ቢያንስ አንዱ የሚሳካበት ዕድል 91 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ማንም አልጠበቀውም። ግን 9 በመቶም ይደርሳል።

እዚህ ላይ መሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያደናግሩት ነገር አለ። በዚያው 45 በመቶ፣ ከአራቱ አንዱ ከበቃ 91፤ ግማሹ ከተጠየቀ 61፤ ሁሉም ከተጠየቁ 4 በመቶ ብቻ። «ሁላችሁም ጣሉ» ከማለት በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መወሰን ያስፈልጋል። በድብቅ ማለፍን የመሰለ የጋራ ሥራ በግማሹ ይለካ።

ማስተካከያው፦ ታሪኩ ያለሱ የማይቆም መረጃ በዳይስ አይደበቅም፣ በሦስት ቦታም ይቀመጣል። አንድ፣ ጠለፋው ላይ፦ ቅርንጫፉ በስብሷል፣ የዶማ ምልክት የለም። ሁለት፣ ልጁ ጋ፦ «ማንም አልነበረም፣ ውሃው ራሱ ጮኸ» ይላል፤ ግን የሚጠይቀው የለም፣ ትልልቆቹ ስለ እሱ ነው የሚያወሩት። ሦስት፣ አያ ሞላ ጋ፦ ሳይጠየቅ «እኔ የለሁበትም» ይላል። የሄደ ያገኘዋል። ዳይስ የሚጣለው ማግኘቱ ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ ነው፦ ጠለፋውን ሲያዩ የላይ ቤት ሰው አያቸው ወይስ አላያቸውም?

ጥቅምት 9

የዚህ ሥራ ትልቁ ግኝት ከሰሃኑም ከስኒውም አልመጣም። ከአማርኛው ራሱ መጣ።

መሪው የሰውየውን ስሜት ለማሳየት «ትንሽ ተቆጥቷል» ማለት አያስፈልገውም፤ አንቱታው ይናገራል። ባላምባራስ ገለልተኛ ሲሆኑ ለሽማግሌው «እርስዎ ይህን አገር አያውቁትም» ይላሉ። ጠላት ሲሆኑ «አንተ ምን አገባህ!» ወዳጅ ሲሆኑ «ስማኝ ወንድሜ፣ አንተ የአገር ልጅ ነህ።» ሦስት ደረጃ፣ ያለ አንድ ቁጥር።

አንድ ወጥመድ አለው፦ «አንተ» በቁጣም በፍቅርም ይመጣል። ተጫዋቾች ወዳጅነቱን እንደ ስድብ ሰምተው ሲከላከሉ ታይቷል። ስለዚህ ደንብ ወጣ፤ ወዳጅ የሆነ ሰው «አንተ» ሲል ወንድሜ፣ ልጄ፣ እህቴ የሚል የዝምድና ቃል ሁልጊዜ ይጨምር፤ የተቆጣ ሰው በፍጹም አይጨምር።

በተቃራኒውም ይሠራል። አንድ ተጫዋች አያ ሞላን «አንተ ሰውዬ፣ የት ነበርክ?» ብሎ ከጀመረ ዳይስ ሳይጣል ባቄላ ይገባል። ባልቴቷ ግን እንዲህ አለች፦

«አያ ሞላ፣ ቡናው ቀዘቀዘብዎ እኮ። ይለወጥልዎ?»

መሪው ካርዱን አየ፤ ስኒውን የሚያዞር፣ የማይጠጣ ሰው። አያ ሞላ ስኒውን አስቀመጠ፣ «ልጄ፣ ቡናው አይደለም የቀዘቀዘው» አለ። ሽምብራ ገባ። የባልቴቷ የማሳመን ነጥብ 0 ነበር።

ለዚህ ነው «ይታያል» የሚለው መስመር በየስኒው ቢያንስ አንድ ጊዜ ጮክ ተብሎ መነገር ያለበት። ያልታየ ነገር አይያዝም።

የተጫዋቾቹን ተራ በተመለከተ፦ የውጊያ ቅደም ተከተል እዚህ አይሆንም፣ ንግግሩን ይቆራርጠዋል። በቂ የሆነው ደንብ ይህ ነው፦ ለተመሳሳይ ሰው ሁለት ጊዜ በተከታታይ የጣለ፣ ሌላ አንድ ተጫዋች እስኪጥል ይጠብቃል። መናገር ግን አይከለከልም። መርዳትም አለ፤ በ5ኛው እትም የተረዳ ሰው ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል፣ 65 በመቶው 88 ይሆናል። ይህ ብዙ ስለሆነ ረጂው አዲስ ነገር እንዲናገር ይጠየቃል። «እኔም እደግፈዋለሁ» እርዳታ አይደለም።

በድምፅ መተወንም ግዴታ አይደለም። «ደብተራው ስለ አባቶቻቸው ጉርብትና ያስታውሳቸዋል» ያለ ተጫዋች እንደተወነው እኩል ይቆጠርለታል። ይህ ካልተባለ ዓይን አፋሩ ተጫዋች ሙሉ ውሎውን ይሸሻል።

ጥቅምት 14፣ ሙከራ 3

1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፤ 6 ሽምብራ፣ 3 ባቄላ። አራቱም ቢያንስ ሁለት ሁለት ጊዜ ጥለዋል። ልጁን የጠየቀው ወታደሩ ነው። አያ ሞላን በሕዝብ ፊት ሳያዋርዱ ለማውጣት ተጫዋቾቹ «ገለል በሉልን» ብለው ባለጉዳዮቹን አስወጥተው 15 ደቂቃ ለብቻቸው መከሩ። መሪው እዚህ ዝም ማለቱ ትክክል ነው፤ ተጫዋች ከተጫዋች ሲከራከር ባቄላም ሽምብራም አይገባም።

የቀረው ጉድለት መጨረሻው ነው። ስድስተኛው ሽምብራ ከገባ በኋላ ወሬው 20 ደቂቃ ቀጠለ፣ የተወሰነውንም እንደገና መደራደር ጀመሩ። አሁን አዘጋጉ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የስምምነት ቃል ይናገራል (ካሳው፣ የወጌሻው፣ ጠለፋውን ማን ያድሳል፣ ያለፈው ውሃ እንዴት ይካካሳል)፤ መሪው ለሁለቱም ወገን «ተስማምተዋል?» ይላል፤ የዋስ ስም ይጠራል፤ የመጨረሻው ዋስ እንደተጠራ ትዕይንቱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አይጨመርም።

የወይዘሮ በላይነሽ ካርድ ተለወጠ። «ይፈልጋል፦ ካሳ» የሚለው ተሰርዞ «ይፈልጋል፦ አንድ ሰው አጥፍቻለሁ እንዲላት» ተብሏል። በመጀመሪያው ካርድ ጊደር የሰጣት ሁሉ ያሸንፍ ነበር።

ቀጣዩ ሙከራ በ5 ተጫዋቾች ነው። ሽምብራው ከ6 ወደ 7 ይወጣል፣ ባቄላው እንዳለ ይቆያል፤ በ65 በመቶ ሲሰላ የመስማማት ዕድሉ ከ85 ወደ 79 በመቶ ይወርዳል።